ሠላሳ አራት ሰኞ

እሺ፣ ብርጭቆዎቻችሁን ለጊዜው አስቀምጡ፤ ገና ነው። ከኋላ ያላችሁ ወንበር ሳብ ሳብ እያደረጋችሁ ቅረቡ። ማይክራፎኑንም ውሰዱልኝ፤ የእኔ ድምፅ አሥራ ሁለት የጽሕፈት መኪና በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ያደገ ድምፅ ነው።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ የዚህ አሳታሚ ድርጅት የገጽ ቅንብር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ዛሬ የምንሸኘው ሰው መጀመሪያ እዚህ ቤት ሲገባ ግን የሃያ ሦስት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ። የገባበትን ቀን ልንገራችሁ። የታይፕ ክፍሉ በር ተከፈተና አንድ ቀጭን ጎረምሳ ብቅ አለ። በየጆሮው ላይ አንዳንድ እርሳስ ሰክቷል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም፤ አሥራ ሁለታችንም እየመታን ነዋ። ደግሞ ሞከረ። ሲያቅተው ከኪሱ ወረቀት አወጣና የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጎ ለክፍሉ ኃላፊ፣ እትዬ አለቃ ለምንላቸው ሴትዮ፣ ሰጣቸው።

እትዬ አለቃ በዚያ ክፍል ሃያ ዓመት ሠርተዋል። በሃያ ዓመት ውስጥ ወረቀት ይዞ የመጣባቸው ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ሁለት ካርቦን ከተቱና ተየቡት። ዋናውን ለእሱ መለሱለት፣ አንዱን ቅጂ ፋይል አደረጉ፣ ሌላውን ወደ እርማት ክፍል ላኩት። ወረቀቱ ላይ የነበረው "እባካችሁ ለአንድ ደቂቃ ጸጥታ ስጡኝ፤ ራሴን ላስተዋውቅ" የሚል ነው። ከምሳ በኋላ ቅጂው ከእርማት ክፍል ተመለሰ። አራሚው በቀይ እስክሪብቶ "ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግልጽ ይደረግ" ብለው ጽፈውበታል።

እንግዲህ ላለፉት ሠላሳ ሦስት ዓመታት ግልጽ ለማድረግ ስንሞክር ኖረናል።

ጠባዩን ታውቁታላችሁ። "እንዴት አደርክ?" ሲሉት "ገና እየተሞከርኩ ነው" የሚል ሰው ነው። ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው፤ ለምን ሲባል ከተቀመጠ እንደሚነሳ እርግጠኛ አይደለም። በየግማሽ ሰዓቱ በጠረጴዛዎቻችሁ መሀል እያለፈ "አስቀምጡ፣ አስቀምጡ" ይላል። የሠራችሁት እንዳይጠፋባችሁ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም ይላል። በሴት ልጁ ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው ሁላችንንም አሰልፎ ካነሳን በኋላ ሁሉም ሊበተን ሲል፣ የሙሽራዋ አባት ወደ ሰውዬው ጠጋ ብሎ "አስቀመጥከው?" አለው። ሰውዬው ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን ካሜራ ያለው መስሎት "አዎ፣ እንዳይወድቅ ገመድ አለው" አለ።

ወጣቶቹ ደግሞ "ጋሽ ሰኞ" ትሉታላችሁ። ፊት ለፊት አይደለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ብላችሁ ነው። እሱ ግን ሲሰማ ኖሯል። ስሙ ከየት እንደመጣም ታውቃላችሁ፤ በዚህ ቤት የታወቀ ተረት ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ የመጻሕፍት መጻፊያ ፕሮግራም ሥራ ተብሎ፣ ስምንት ወር ሙሉ "ለሰኞ ይደርሳል" ሲል ከረመ። በስብሰባ ላይ አንድ ነገር ሲዘገይ "ጋሽ ሰኞን ጠይቁ" ይባላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ ያልተረተበት የለም። ያን ጊዜ በአቅም ማነስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደተጻፈበት፣ ከዚያም ወዲህ ሦስት ጊዜ ለኃላፊነት ታጭቶ ሦስቴም እንደታለፈ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ዛሬ የቆምኩት ለመሸኘት ብቻ አይደለም። ያ ስም በዚህ ሰው ላይ ያለአግባብ ነው የተለጠፈው፤ ይህንን ከሚያውቁት አንዷ እኔ ነኝ። "እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ትንፍሽ እንዳትሉ" ብሎ አስምሎናል። መሐላዬን ጠብቄያለሁ። የመልቀቂያውን ወረቀት የፈረመው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ እኔ ግን ገና አልቀመስኩም፣ ብቅሉ ነው እንዳትሉኝ። አንተም እንደዚያ አትየኝ። ተቀመጥ፣ የትም አትሄድም።

እንግዲህ ስሙ። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ማለት ሒሳብ ክፍል ያለ ትልቅ ሣጥን ነው። መጽሐፍ የሚጻፈው በእኛ ጣት ነበር። አንድ ደራሲ አራተኛው ገጽ ላይ ሦስት መስመር ልጨምር ካለ፣ ከአራተኛው ገጽ ጀምሮ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ድረስ እንደገና መምታት ነው። በሌላው ዓለም ሰዎች ለዚህ መላ አበጅተው ነበር ይሆናል፤ እኛ ግን አላየንም። ሥራ አስኪያጃችን የሆነ ቦታ ሰምተው፣ ይህን ልጅ ቀጥረው፣ አንድ ኮምፒውተር ገዝተው በድሮው የወረቀት መጋዘን ውስጥ አስቀመጡለት።

እሱ ታዲያ መጋዘኑ ውስጥ አልተቀመጠም። ሁለት ወር ሙሉ ከኋላችን ወንበር ስቦ፣ ደብተር ይዞ እጃችንን ሲያይ ከረመ። ሰላይ ነው አልን። ስንት ጊዜ ለሻይ እንደምንወጣ ነው የሚቆጥረው ተባባልንና ሳምንት ሙሉ ሻይ የሚባል ነገር ሳንቀምስ ሰነበትን። አንድ ቀን ደግሞ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ አሁን ለምን ተነፈስሽ አለኝ። ሰው ስለሆንኩ አልኩት። አይ፣ በረጅሙ ነው የተነፈስሽው አለ። ደራሲው መስመር ጨምሮ ስለላከ አሥራ ስምንት ገጽ መልሼ እንደምመታ ነገርኩት። ጻፈው። በኋላ ደብተሩን ሳየው የሻይ ነገር አንድም የለም። ገጹ ሁሉ "መስመር ተጨመረባት፣ ተነፈሰች"፣ "የግርጌ ማስታወሻው አልበቃ አላት፣ ተነፈሰች" እያለ ይሄዳል። ፕሮግራሙ የተሠራው ከዚያ ደብተር ነው። እኛ በተነፈስንበት ቦታ ሁሉ አንድ ቁልፍ አበጀ።

አራሚውንም አልተዋቸውም። አራሚያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመቀስና በሙጫ ነበር የሚሠሩት። አንቀጹን ይቆርጣሉ፣ ከፍ አድርገው ይለጥፋሉ። የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ አንድ የጫማ ካርቶን ውስጥ ያጠራቅማሉ እንጂ አይጥሉም። ለምን ሲላቸው፣ ዛሬ ቁረጡልኝ ያለ ደራሲ ነገ እያለቀሰ ይመጣል አሉት። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ የተሰረዘ ነገር ሁሉ የሚገባበት ካርቶን ነበር፤ ስሙም "ካርቶን" ነው። እናንተ ዛሬ አንድ ቁልፍ ነክታችሁ የሰረዛችሁትን ስትመልሱ፣ እኔ እስካሁን የሙጫ ሽታ ይመጣብኛል።

መስመር ሲጨመር ሌላው በራሱ ወደታች ሲወርድ መጀመሪያ ያየን ቀን ያጨበጨበ የለም። እትዬ አለቃ አዩትና፣ "እንግዲህ እኛስ?" አሉ። ከዚያ ወጥተው ፊታቸውን ታጥበው ተመለሱ። ልክ ነበሩ። ወሬው ቀድሞ ደርሶናል፤ ይህ ነገር ያለቀ ዕለት ከአሥራ ሁለታችን ስድስታችን ተሰናባች ነን። የስድስት ቤት ጉሮሮ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ሰላም የምትለው ጠፋች። እኔማ የባሰ ነበርኩ፤ ወንበሩን ሲስብ ወንበሬን አዞር ነበር።

አሁን ጃንጥላዬ ምስጢሩን ወዳሳየኝ ቀን ደረስን። አንድ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ደጅ ከወጣሁ በኋላ ዝናብ ጣለና ጃንጥላዬን ልወስድ ተመለስኩ። ጠዋት ላይ ለሥራ አስኪያጁ "የግርጌ ማስታወሻው ገና ከገጹ ይወድቃል፣ ለሰኞ ይደርሳል" ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በመጋዘኑ በር ሳልፍ ፕሪንተሩ ይሠራል። ብቅ አልኩ። የሕክምና መማሪያው፣ ያ ሁላችንንም የገደለን የግርጌ ማስታወሻ ያለበት መጽሐፍ፣ ሙሉ ምዕራፍ እየወጣ ነው። ማስታወሻው ሁሉ በየገጹ ግርጌ ቁጭ ብሏል። ፕሪንተሩ ለዓመታት እንደተለማመደ ሰው ንጹሕ አድርጎ ያትማል። ዞር ሲል ተያየን።

"ያየሽውን አላየሽም" አለኝ።

"ምን አየሁ?"

"እሱን ነው የምልሽ።"

አልቋል አይደል አልኩት። ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት፤ አሁንም እዩት። መዋሸቱን ሲተወው እንዲህ አለኝ፦

"ዛሬ አለቀ ካልኩ ስድስታችሁ የወሩን መጨረሻ አታዩም። ሁላችሁም በዚህ መሥራት ከቻላችሁ ግን ማንን መርጠው ያስወጣሉ? ስንት ጊዜ ይበቃችኋል?"

ማን ያስተምረናል አልኩት። በምሳ ሰዓት እኔ፤ ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ አለ። ቆሞ መብላት የጀመረው ያኔ ነው፤ ይኸው ሳይለቀው ቀረ።

በዚህ ሁኔታ ተጀመረ። ሥራ አስኪያጁ ለምሳ ቤታቸው ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ቀን ሁለት ሴት፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት። አራሚው ደረጃው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ቀድመው ከመጡ ይስላሉ። አንድ ሳምንት ምስኪኑን የእውነት ጉንፋን ያዛቸውና በአንድ ምሳ ሰዓት አሥር ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አሥር ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ገብተናል። እኔን በመጀመሪያው ቀን እጄ አልታዘዝ አለኝ። የጽሕፈት መኪና ሲመቱት ይመታል፤ ይሄ ግን ዝም ብሎ ያያል። እንደለመድኩት በኃይል መታሁት፣ አንዱ ቁልፍ ተፈናጥሮ ወደቀ። አንስቶ በቦታው ተጫነውና፣ "ይሰማሻል፣ አትጩኺበት" አለኝ። እንዲህ ነበር ትምህርቱ።

ችግሩ፣ ሰኞ ሰኞ ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርብ ብልሽት አለቀበት። ለመዋሸት አልተፈጠረም። ስለዚህ ተራ አወጣንለት፤ ዓርብ ዓርብ አንዳችን አንድ ብልሽት ይዘን እንመጣለን፣ እሱ እሑድ ያጠናዋል። ጆሮው እንዳያሳብቅበት ደግሞ የሱፍ ቆብ እስከ ቅንድቡ ድረስ ያጠልቃል፤ በድሮዎቹ ፎቶዎች ላይ በጠራራ ፀሐይ ቆብ አድርጎ ስታዩት ትስቁ ነበር፣ ይኸው። አንዷ "ከመቶ ገጽ በላይ መቁጠር አቃተው በል" አለችው፤ ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ አሰብ አድርገው "ታዲያ ለጊዜው ቀጫጭን መጽሐፍ እናሳትማ" ብለው ሊያስጨርሱን ነበር። እትዬ አለቃ ተራቸው ሲደርስ "በጣም ይፈጥናል በል፣ ደራሲዎቹ አያምኑንም" አሉት። እሱን እንኳ ሊያቀርበው አልደፈረም። ሠላሳ አራት ሰኞ ነው የቆጠርነው።

በሠላሳ አራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ ትዕግሥታቸው አልቆ ኮምፒውተር ከሚሸጥ ድርጅት አንድ ባለሙያ ይዘው ከተፍ አሉ። ማንም አልተዘጋጀም፣ ብልሽት የለም፣ ሳል የለም። ባለሙያው አንዲት ታይፒስት ትምጣና ልያት አለ። እኔን ጠሩኝ። ገባሁ። አውቄ ባበላሸው ሌላ ጥቂት ሳምንት እናገኛለን፤ በትክክል ከሠራሁ ግን የስምንት ወሩ ውሸት ይወጣል። ምን ላድርግ ብዬ አየሁት። ቆቡን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ገባኝ፤ ውሸቱ አበቃ። የሕክምና መማሪያውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ አራት መስመር ጨመርኩ፤ ሦስት መቶ ገጽ ከነማስታወሻው ተያይዞ ወረደ።

ባለሙያው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ደግሜ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ከዚያ ለሥራ አስኪያጁ እኛ ዘንድ እንኳ እንዲህ ያለ የለም አላቸው። እሳቸው ወደ ልጁ ዞረው፣ ታዲያ ስምንት ወር ምን ስትለኝ ነበር አሉ።

"የመጨረሻውን ብልሽት ያገኘሁት ትናንት ነው" አለ። ጆሮው ፍም መስሏል። "የዘገየሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለበትም።"

ባለሙያው፣ ከዚህች ልጅ ሌላ ማን ይችላል ብሎ ጠየቀ። በሩ ላይ ቆመው የነበሩት እትዬ አለቃ "አሥራ ሁለታችንም" አሉ። መቼ ተማራችሁ ተባሉ። "ዓይን ያያል፣ እጅ ይማራል" አሉ፤ በቃ። በሦስት ወር ውስጥ የሚወጡ አሥር መማሪያ መጻሕፍት ነበሩብን። ሥራ አስኪያጁ ሞኝ አልነበሩም። ከአሥራ ሁለታችን አንዲት ሴት አልተሰናበተችም።

ደብዳቤው የመጣው በሳምንቱ ነው። የመጣው ደግሞ እንዲተየብ ወደ እኛ ክፍል ነው፤ ተራው የእኔ ነበር። "በሥራ አቅም ማነስና ባልተገባ መዘግየት" የሚለውን፣ የዚህን ሰው ስም ከላይ አድርጌ፣ እሱ ራሱ በሠራው ፕሮግራም ላይ በእነዚህ ጣቶች ጻፍኩት። አልጽፍም ልል ተነስቼ ነበር። ደረጃው ላይ አገኘኝና መለሰኝ። እምቢ ካልሽ ለምን ይሉሻል፣ ለምን ካሉሽ ታወሪያለሽ፣ ካወራሽ አሥራ ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ አለ። ያን ጊዜ ነው ያስማለን። ደብዳቤው በደረሰው ቀን አየት አደረገና፣ ኅዳጉን አሳምረሽዋል አለኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አላፍርበትም።

አሁን ደግሞ ወደ አንቺ፣ ወደ ባለቤቱ ልዙር። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ግድም፣ ለሦስተኛ ጊዜ ያለፉት ሰሞን፣ ግቢው በር ላይ ጠበቅሽኝ። "እህቴ፣ አንቺ አብረሽው ትውያለሽ፤ ባሌ ምን ጎድሎት ነው ሁሌ የሚያልፉት?" አልሽኝ። እኔ አላውቅም አልኩሽ። ለአንቺም እንዳልነገረሽ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከዋሸሁት ሁሉ ያ ነው የሚቆረቁረኝ። ምንም አልጎደለውም። ፕሮግራሙን በአራት ወር ጨርሶታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስምንት ወር የሠራው እኛን ነው። ይቅር በይኝ።

ወጣቶቹን አልወቅሳችሁም፤ ማን ነገራችሁ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ግን እዚህ ቤት ውስጥ ያልቸኮለ አንድ ሰው እንደነበር እወቁ። ትናንት ወደ አሁኗ ሥራ አስኪያጃችን ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማህደሩን አስመጥተው ያንን ደብዳቤ ሁለቴ አነበቡት። ይነሳ ወይ አሉኝ። አይነሳ አልኩ፤ የተጻፈ ነገር አይጣልም፣ ከላዩ ላይ ሌላ ይቀመጥበት። ዛሬ ጠዋት ጻፍኩት። እሳቸው ፈርመውበታል፤ አጭር ስለሆነ ላንብበው፦ "ይህ ሠራተኛ ለስምንት ወር የዘገየው አውቆ ነው። በመዘግየቱ አሥራ ሁለት ሠራተኞች ሙያ ለምደው በሥራቸው ቆይተዋል። ድርጅቱ ይህን ሳያውቅ ቀጥቶታል፤ አውቆ ያመሰግነዋል።"

ወዳጄ፣ እኔ በዚያ ሥራ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ጦሬያለሁ። ዛሬ የምመራውን ክፍል የምመራው አንተ ምሳ ሰዓትህን ስለሰጠኸኝ ነው። አመሰግናለሁ ማለት ትንሽ ነው፣ ግን ሌላ ቃል የለኝም፤ ከአንጀቴ አመሰግንሃለሁ። ጤናህን ይስጥህ። ከልጅ ልጆችህ ጋር የምትውልበት፣ ማንም ሰዓት የማይቆጥርብህ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ። ምሳህንም ተቀምጠህ ብላ።

በመጨረሻ፣ እዚያ ግድግዳው ጋ በሁለት ጠረጴዛ የተቀመጡትን ሴቶች ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። የእንግዳ ዘመድ መስለዋችሁ ይሆናል። ከእኛ አራቱ ዐርፈዋል። የቀረነው ስምንት ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሰባቱ እነዚያ ናቸው። እትዬ አለቃም በዚያ ዕድሜያቸው፣ በምርኩዝ፣ ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥተው መጥተዋል። እህቶቼ፣ እስቲ ተነሱና ይያችሁ። እትዬ፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ ግዴለም። እሺ ካሉማ ይነሱ፤ ያዟቸው።

አሁን ብርጭቆ አንሱ፣ ሁላችሁም ቁሙ። እሱ ብቻ ይቀመጥ፤ ቆሞ የከረመው ይበቃዋል። ስድስቱ እንዲባረሩ የታሰቡት ከእኛ መካከል የትኞቹ እንደነበሩ እስከ ዛሬ አናውቅም። አብሮን ስለዘገየ ማወቅ አላስፈለገንም። እኛን እዚህ ላቆየን ሰው፣ ለጤናው።